«ስተወው በእጥፍ ተመለሰብኝ»፦ ለጅማዋ ተማሪ የብጉር ጥያቄ የቆዳ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ22 ዓመት ልጅ ነኝ። ጅማ ተወልጄ እዚሁ ነው የምማረው። ብጉር የጀመረኝ 10ኛ ክፍል ሆኜ ነው። ሎሚም፣ ጤና አዳምም፣ የቡና አተላም ሞክሬያለሁ። አምና ጓደኛዬ ከምትገዛበት ሱቅ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ቅልቅል ክሬም ገዛሁ። በሳምንት ውስጥ ፊቴ ጠራ፣ ፈካም። ደስ ብሎኝ አምስት ወር ተቀባሁት። በቅርቡ አልቆብኝ ሦስት ቀን ሳልቀባ ብቆይ ፊቴ ቀላ፣ ያቃጥለኝ ጀመር፣ ብጉሩም በእጥፍ ተመለሰ። እንደገና ስቀባው ይተወኛል። ሂጃብ ስለምለብስና በቀን አምስቴ ውዱእ ስለማደርግ ‹ውሃው ነው ያበላሸሽ› የሚሉኝ አሉ። እናቴ ደግሞ ‹ስታገቢ ይጠፋል› ትለኛለች። አሁን ጥር ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ እመረቃለሁ። ዶክተር፣ እባክዎ ምን ላድርግ? ለምርቃቴስ ሜካፕ መቀባት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ ብጉሩ አይደለም። ክሬሙ ነው። ብጉሩን እንደርስበታለን፤ ጊዜም አለን። መጀመሪያ ግን ስለ ብልቃጧ እናውራ።

በሳምንት ፊት የሚያጠራ፣ ሲተውት ደግሞ የሚነሳ ክሬም ሲገጥመኝ ቀድሜ የምጠረጥረው ስቴሮይድ ነው። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን የሚባሉት የዚህ ቤተሰብ ናቸው። በራሳቸው መጥፎ መድኃኒቶች አይደሉም። ችፌ ለያዘው ሰው እኔም አዝዛለሁ። ለተወሰነ ቀን፣ ለተወሰነ ቦታ። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስቴሮይድ የቆዳን ቁጣ ያፍናል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል። ለዚህ ነው ፊትሽ በቀናት ውስጥ የተረጋጋውና የፈካው። ከሥር ግን ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ቀጫጭን የደም ሥሮች መታየት ይጀምራሉ። ጉንጭና አገጭ ላይ ፀጉር ሊያበዛ ይችላል። ራሱም ብጉር ያወጣል፤ የስቴሮይድ ብጉር እንለዋለን። ቆዳው ከለመደው በኋላ ስታቆሚው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይፈነዳል። አንቺ በሦስት ቀን ያየሽው ይሄንን ነው።

ስለዚህ «ስቀባው ይተወኛል» ያልሽው እውነት ነው። ግን ስላዳነሽ አይደለም። ሱሱን ስላስታገሰው ነው።

ሌላም ስጋት አለኝ። ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበት ቅልቅል ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ ማንጫ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ በማኅፀን ላለ ልጅም አደገኛ ነው። ከዚያው ሱቅ የምትገዛው ጓደኛሽም ይህን ብታነብ ደስ ይለኛል።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። አዲስ ብልቃጥ አትግዢ። የቀረውን ወይም ባዶውን ዕቃ ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አምስት ወር ቀላል ጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም ይችላል፣ አንዳንዱ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መውረድ አለበት። ይህን ቆዳሽን አይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጤና ጣቢያ ጀምረሽ በሪፈር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሄድ ትችያለሽ። እንዳታፍሪ። በዚህ ክሬም ምክንያት የሚመጡ ልጆችን ተቆጥቼ አላውቅም። ሁሉም መዳን ፈልገው የገዙት ነው።

ካቆምሽ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከባድ ናቸው። ፊትሽ ከበፊቱ የባሰ ይመስልሻል። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ብልቃጡ የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ምንም የሚያቃጥል ነገር አትቀቢ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ አምስት አሥር ደቂቃ አስቀምጪበት። ሽታ የሌለው ቀለል ያለ ማለስለሻ ተቀቢ። ቁጣው ከበረታ ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ሊያዝልሽ ይችላል። እሱን ከታች እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ብጉሩ።

ብጉር የቆሻሻ በሽታ አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ ያልታጠበ ሰው በሽታ አይደለም። ከቆዳችን ሥር ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች እነዚህን ዕጢዎች ያነቃቋቸዋል፤ ወዝ ይበዛል። በዚያ ላይ የወዙ መውጫ ቀዳዳ ውስጥ ያሉት የሞቱ የቆዳ ሕዋሶች በወጉ አይረግፉም። እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይወትፉታል። የታፈነው ወዝ ውስጥ ድሮም ቆዳችን ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነት ይቆጣል። ያ ነው ቀይ፣ የሚያም፣ መግል የሚቋጥር ብጉር የሚሆነው። አፍንጫ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብም አፈር አይደለም። ውትፉ አፉ ክፍት ሆኖ አየር ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው። ስለዚህ በመፈግፈግ አይለቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ያየሽው ብጉር የትናንት አይደለም። ውትፉ ከሳምንታት በፊት ነው የጀመረው፤ አንዳንዴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ። ሳይታይ ሲዘጋጅ ቆይቶ ዛሬ ብቅ አለ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መድኃኒት የሚቀባው በታየው ብጉር ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚያወጣው ቦታ ሁሉ ላይ ነው፤ ገና ያልታየውን ለማግኘት። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ትክክለኛ የብጉር ሕክምና ውጤቱ የሚለካው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። በሳምንት አጠፋለሁ የሚልሽን አትመኚው።

ውዱእን በተመለከተ ልብሽ ይረፍ። ንጹሕ ውሃ ብጉር አያመጣም። የሚጎዳው ከውሃው ጋር የሚመጣው ነው፤ በየጊዜው ሳሙና መጠቀም፣ ከዚያ በፎጣ አጥብቆ መፈግፈግ። አንዳንዶች ፊታቸውን በልብስ ሳሙና ይታጠባሉ። የቆዳችን ገጽ በተፈጥሮው ለስለስ ያለ አሲድ አለው፤ የልብስ ሳሙና ደግሞ ጠንካራ አልካሊ ነው። ወዙን ጠርጎ ሲወስደው ፊት ይደርቃል፣ ይቆጣል። ሳሙና በቀን ሁለቴ ይበቃሻል። በሌሎቹ ውዱኦች ውሃ ብቻ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ።

ሂጃቡም ጥፋተኛ አይደለም። ግን ግንባርና አገጭ ላይ የሚነካው ጨርቅ ላብና ወዝ ይይዛል። በየቀኑ ቀይሪው። ለስለስ ያለ ጥጥ ከሆነ ይመረጣል። አገጭሽ ሥር አጥብቀሽ አትሰሪው፤ ግፊትና ላብ ሲገናኙ ብጉር ያስነሳሉ። የትራስ ልብስም እንዲሁ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይታጠብ።

እናትሽ «ስታገቢ ይጠፋል» ያሉሽ ከምንም ተነስተው አይደለም። ያዩትን ነው የነገሩሽ። ብዙ ሰው ብጉሩ የሚቀንስለት በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያገባውም ያኔ ነው። ሁለቱ አንድ ጊዜ ላይ ስለሚገጥሙ ትዳር መድኃኒት መሰለ። ግን ሠርግን የማይጠብቅ ነገር አለ፤ ጠባሳ። ተቆጥቶ የከረመ ትልቅ ብጉር ጉድጓድ ጥሎ ይሄዳል። ጉድጓዱን መሙላት ከብጉሩ ሕክምና በብዙ እጥፍ ይከብዳል። «ዕድሜ ነው፣ ያልፋል» የሚለውን አባባል የማልወደው ለዚህ ነው። ዕድሜው ያልፋል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል።

አሁን ወደ ሞከርሻቸው ነገሮች ልምጣ። ሎሚ። ሎሚ አሲድነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ያቃጥላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ነው። በሎሚ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ተገናኝቶ ቆዳን እንደ እሳት ይለበልባል። ከዚያ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጤና አዳምም ያው ነው። በቡና ላይ ጣል ስናደርገው የምንወደው ጤና አዳም፣ ተጨምቆ ፊት ላይ ከተቀባና ፀሐይ ካገኘው ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ያመጣል። «ቅጠል ነው፣ ምን ያመጣል» ማለት አይቻልም።

የቡና አተላው ነገር ጅማ ሲሆን ያሳዝነኛል፤ ቡናችንን ስለምንወደው ሁሉን የሚችል ይመስለናል። አተላው ግን ለፊት ቆዳ አሸዋ ማለት ነው። ስትፈገፍጊ ለጊዜው ለስላሳ ያደርጋል። የተቆጣውን ብጉር ግን ይፈልጠዋል፣ ዙሪያውን ያቆስለዋል፤ ከዚያ ይጠቁራል። ማር ደግሞ ብዙ አይጎዳም፤ የጅማ ማርን ግን ብትበዪው ይሻላል እላለሁ። የጥርስ ሳሙና፣ አልኮል፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ እነዚህን ሁሉ ተያቸው። በጥፍር ማፍረጥም እንደዚሁ። ስትጨምቂው ግማሹ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይፈርሳል። ጠባሳውን የሚሠራው ወደ ውስጥ የፈረሰው ነው።

ምግብን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቡና ብጉር ያመጣል የሚባለውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም፤ ጥቁር ቡናሽን ያለ ስጋት ጠጪ። ስኳሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ቶሎ ወደ ደም የሚገባ ስኳር ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ወዝ አመንጪዎቹን ዕጢዎች ያነቃቃል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ኪታቫ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት እዚያ የተመረመሩት 1,200 ሰዎች ውስጥ አንድም ብጉር ያለበት አልተገኘም። የሚበሉት ሥራ ሥር፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና ኮኮናት ነበር። ዘርም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል ሁሉንም ለምግብ አልሰጥም። ግን ለስላሳ መጠጥን ስቀንስ ፊቴ ተሻለው የሚል ሰው ሲነግረኝ አልገረምም። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በከተማችን በርጫ ላይ የሚቀመጥ ወጣት ይህን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጠጣል፤ ሌሊቱንም አይተኛም። አንቺ ቃምሽ አላልኩም። ይህን የሚያነቡ ወንድሞች ግን ብዙ ናቸውና ለእነሱ ጭምር ነው።

ወተት ላይ ያለው ማስረጃ ደከም ያለ ነው። ጂም የሚሠሩ ልጆች የሚጠጡት የፕሮቲን ዱቄት ግን አንዳንዱ ላይ ብጉር ያብሳል።

ስለ ቅቤ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፀጉር ቅቤ መቀባት የእናቶቻችን ነው፤ አልከለክልሽም። ግን ቅቤውም፣ ሄር ፉዱም፣ የፀጉር ዘይቱም ሲቀልጥ ወደ ግንባር ይወርዳል። ግንባራቸውና ጆሯቸው አጠገብ ብቻ ጥቃቅን ብጉር የሞላባቸውን ሴቶች ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ብዬ ነው። ከፀጉርሽ መስመር አንድ ጣት ያህል አስቀርተሽ ተቀቢ። በሻሽ እሰሪው። ሲነሳ ግንባርሽን ታጠቢ፣ ሻሹንም እጠቢው። ግንባር ላይ ላለ ብጉር ይሄ ብቻ በአንድ ሁለት ወር ለውጥ ያመጣል።

እንግዲህ ወደ ዕለት ተዕለቱ እንክብካቤ እንምጣ። ላንቺ የሰላቱን ሰዓት ይዞ መሄድ ይቀላል ብዬ አስባለሁ።

ለሱብሂ ስትነሺ ፊትሽን ለስላሳ፣ ሽታ በሌለው የገላ ሳሙና ወይም የፊት መታጠቢያ ታጠቢ። ከሰላት በኋላ ቀለል ያለ ማለስለሻ። ፊቴ ወዛም ነው ብለሽ ይህን አትዝለይው፤ የብጉር መድኃኒት ሁሉ ያደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ደግሞ መድኃኒቱን አይችልም። ገንዘብ ከሌለሽ ግሊሰሪን በቂ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀዳዳም አይደፍንም። እርጥብ ፊት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ በውሃ አቅጥነሽ። ከቤት ስትወጪ የፀሐይ መከላከያ፣ ዕቃው ላይ SPF ተብሎ የተጻፈው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ። ልኩ ሁለት ጣትሽን ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን ነው። ዙህር ላይ ውዱእ ስታደርጊ ይታጠባል፤ እንደገና ተቀቢ። በመሠረቱ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ መታደስ ያለበት ነገር ስለሆነ ውዱኡ ጥሩ አስታዋሽ ይሆንሻል። ከዒሻ በኋላ ደግሞ የመድኃኒቱ ሰዓት ነው። እስከ ሱብሂ የሚያጥበው ውሃ ስለሌለ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።

የማታው መድኃኒት አዳፓሊን ነው፤ 0.1 በመቶ ጄል ወይም ክሬም። ውትፉን ከሥሩ የሚፈታው ይሄ ነው። ለጠቅላላ ፊትሽ የአንድ አተር ፍሬ ያህል ብቻ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ማሳከክና መላጥ እንጂ ፈጣን ውጤት የለውም። ፊትሽ በደንብ ከደረቀ በኋላ ተቀቢ፤ ዓይን ዙሪያ፣ የአፍንጫ ጥግና ከንፈር አይነካ። በሳምንት ሁለት ማታ ጀምሪ። ቆዳሽ ሲለምድ ወደ አንድ ማታ እየዘለሉ፣ ከዚያ በየማታው። ቢያቃጥልሽ ማለስለሻውን ቀድመሽ ተቀብተሽ እሱን ከላይ አድርጊው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩ ትንሽ ሊብስ ይችላል። ይህ ከስቴሮይዱ መነሳት የተለየ ነው፤ ያልፋል። አዳፓሊን ካልተገኘ ትሬቲኖይን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን በሐኪም ትእዛዝ ይሁን። ሁለቱንም ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ለማርገዝ ያሰበች አትጠቀምም። ለእሷ አዜላይክ አሲድ ይሻላል። ጥቁር ምልክትንም ያጠፋል።

ሁለተኛው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያውም አይለምደውም። 2.5 ወይም 5 በመቶውን ያዢ። 10 በመቶው የበለጠ ያደርቃል እንጂ የበለጠ አያድንም። አንድ ጠባይ አለው፤ ጨርቅ ያነጣል። ጥቁር ሂጃብሽን በአንድ ቀን ነጠብጣብ ያደርገዋል። ስለዚህ ላንቺ የምመክረው ማታ ከመታጠብሽ በፊት ቀብተሽ 5 ደቂቃ አቆይተሽ በደንብ ማጠብ ነው። ፎጣውም ነጭ ይሁን።

ዶክሲሳይክሊን የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ነው። ብጉሩ ብዙና ቀይ ሲሆን፣ ጀርባና ደረት ላይ ሲወርድ እናዝዘዋለን። ብዙ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ። ረመዳን ላይ ከወደቀ ከኢፍጧር ምግብ ጋር ይዋጣል፤ በወተት ግን አይሁን። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጪው፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አትተኚ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ለፀሐይም ያጋልጣል። ነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ልጅ አይወስደውም። ከሦስት አራት ወር አይዘልም፤ ከሚቀባው መድኃኒት ጋር እንጂ ብቻውን አይሰጥም። ከመድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «የብጉር ኪኒን ስጡኝ» ማለትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሲለምድ የሚጎዳው ባለብጉሩ ብቻ አይደለም።

ለሴቶች ብቻ የምለው አለኝ። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ፣ አገጭሽ ላይ ጠንካራ ፀጉር ከበዛ፣ ብጉሩም በአገጭና በመንጋጋ መስመር ላይ ከተሰለፈ ለሐኪሙ ንገሪው። የሆርሞን ምርመራ ያስፈልግ ይሆናል። የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያም አንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ያብሳሉ። ይህን ሰምታ በራሷ ያቋረጠች እንዳትኖር፤ ሌላ አማራጭ ስላለ ባለሙያዋን ታማክር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም እንዲሁ ብጉር የሚመስል ነገር ያወጣል፤ እሱም አይቋረጥም፤ ለሐኪሙ ይነገራል።

ብጉር የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። ግንባር፣ ደረትና ጀርባ ላይ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ በጣም የሚያሳክኩ ጥቃቅን እብጠቶች ከሆኑ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ያብሰዋል። ወንዶች ጢማቸውን ከተላጩ በኋላ አንገታቸው ላይ የሚያወጡትም ብዙ ጊዜ ብጉር ሳይሆን ወደ ውስጥ የታጠፈ ፀጉር ነው። ለእሱ መፍትሔው ሥር ድረስ አለመላጨት ነው።

ጥቁር ምልክቶቹን አልጠየቅሽኝም፤ ግን በመስታወት ፊት የሚያስለቅሱሽ እነሱም እንደሆኑ እገምታለሁ። የእኛ ዓይነት ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል። ጉድጓድ ከሌለው ጠባሳ አይደለም፤ ይለቃል። ከሦስት ወር እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የሚያዘገየው ፀሐይ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ደመናው ቢበዛም ጨረሩ ያልፋል። ለዝናብ የምትይዢውን ጃንጥላ ለፀሐይም ዘርጊው። የቆዳ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ካገኘሽ ከነጩ ይበልጣል። በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውን ብርሃን ጭምር ያግዳል፤ ያም ብርሃን ያጠቁራል። ፊት ማንጫ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሌላ ብልቃጥ ግን በጭራሽ።

በሦስት ወር ካልተሻለሽ፣ ወይም ከቆዳሽ ሥር ጠንካራ የሚያም እብጠት ከወጣ፣ ወይም ጉድጓድ መጣል ከጀመረ የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ አለብሽ። አይሶትሬቲኖይን የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለ። ለከባድ ብጉር እንደ እሱ ያለ የለም። ግን የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ በማኅፀን ያለ ልጅንም ክፉኛ ይጎዳል። መድኃኒቱን ከመጀመር በፊት አንድ ወር፣ በሚወሰድበት ጊዜና ከቆመ በኋላ አንድ ወር ፈጽሞ እርግዝና መኖር የለበትም። ከጓደኛ የሚወሰድ ወይም ከውጭ አስመጥቶ በራስ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

ያንቺን ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። የካቲት ሙሉውን ለቆዳሽ ማረፊያ እንስጠው፤ ስቴሮይዱ ይውጣ፣ ቁጣው ይብረድ። አዳፓሊኑን አሁን በዚህ በተለበለበ ፊት ላይ ብትጀምሪ ትሰቃያለሽ። ሐኪሙ ተረጋግቷል ካለሽ መጋቢት ላይ ጀምሪ። ከዚያ እስከ ሰኔ መጨረሻ ከ12 ሳምንት በላይ ይኖርሻል። በየወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ በዚያው መስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ ተነሺ። በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያየውም። ፎቶው ግን ያሳይሻል። ብጉሩ ከጠፋ በኋላም አዳፓሊኑን አታቋርጪ፤ አዲስ ውትፍ እንዳይጀምር የሚጠብቅሽ እሱ ነው።

በዚህ መሃል ከሰው መሸሽ፣ ክፍል መቅረት፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣብሽ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው። ፊት ላይ ያለ በሽታ ልብን ይነካል፤ እሱም የሕክምናው አካል ነው።

ለምርቃትሽ ሜካፕ ትቀቢያለሽ፣ ለምን አትቀቢም። ቅባት የሌለውና ቀዳዳ አይደፍንም የሚል የተጻፈበትን ምረጪ። ሳምንት ቀድመሽ መንጋጋሽ ሥር ሞክሪው። በዚያ ሳምንት ፌሻል የሚባል ነገር አታሠሪ፣ አዲስ ክሬምም አትጀምሪ። የምትሠራሽ ልጅ ብሩሽና ስፖንጁ የታጠበ መሆኑን ጠይቂያት፤ ወይ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። አዳፓሊኑን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ብታቆሚው ቆዳሽ አይላጥም፣ ሜካፑም ይይዝልሻል። ማታ እንግዳው ቢበዛም፣ ቢደክምሽም፣ ታጥበሽ ተኚ። በማግስቱ ከዒሻ በኋላ አተሯን ያህል ወደ መቀባቱ ትመለሻለሽ።